ለተማሪዎቹ ሲባል

ሰሞኑን አንድ የቴሌቪዥን ተንታኝ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ኮንፈረንሶች፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲዎቹ የተቧደኑባቸው ሊጎች፣ የአባሎቻቸውን የእርስ በርስ ግጥሚያ የሚያበዙት ለተማሪዎቹ ዕድገትና ለደጋፊው ደስታ ሲሉ እንደሆነ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲያስረዳ ሰማሁ። እናንተም ይህን ስብከት ሳትሰሙት አትቀሩም፤ የመጋቢቱ አገር አቀፍ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በተቃረበ ቁጥር ይደገማልና። እኔ ግን ዘንድሮ ከመናደድ ማመስገን ይሻላል ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ፤ እነዚህን የሊግ አለቆች እጃቸውን ቁርጥማት አይንካው።

ቢግ ቴን የተባለው ኮንፈረንስ በአውሮፓውያኑ 2018 የሊግ ግጥሚያውን ከ18 ወደ 20 አሳደገ። የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስም በ2019 ተከተለው፤ በዚያው ዓመት የራሱን የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፍቷል። አዲሱ ጣቢያ የአየር ሰዓቱን የሚሞላበት ነገር በሚፈልግበት ዓመት፣ የተማሪዎቹ ዕድገት ልክ ሁለት ግጥሚያ ጎድሎት መገኘቱን ከተአምር በቀር ምን እንለዋለን?

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን እዚሁ አጠገባችን ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዋሽንግተን ጎረቤት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ ቡናው ሳይበርድ የሚደረስበት ይህ ትምህርት ቤት፣ ከ1953 ጀምሮ ዱክ ዩኒቨርሲቲን ከመሳሰሉ የአካባቢው ባላንጣዎች ጋር በአንድ ኮንፈረንስ ሲፋለም ኖሮ በ2014 ወደ ቢግ ቴን ገባ። ከዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው፤ የሚጋጠሙት ግን ስንት ዓመት እየዘለሉ ነው። በአንጻሩ ከ2024 ወዲህ የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤ የሊግ ባልደረባው ሆኗል። የሎስ አንጀለሱ ልጅ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ፣ ሦስት ሰዓት የሚዛነፍ የሰዓት ልዩነት ተሸክሞ ይመጣል። በአውሮፕላኑ ውስጥ ስለ አየር ብክለት ድርሰት ይጽፋል፤ የአገሩን ጂኦግራፊ በመስኮት ቁልቁል እያየ ያጠናል፤ ካንሳስ ላይ ሲደርስ ስለ ስንዴ፣ ኦሃዮ ላይ ሲደርስ ስለ ብረት ኢንዱስትሪ ማስታወሻ ይይዛል፤ ደመና ከጋረደው ደግሞ ስለ ሜትሮሎጂ ይመራመራል። ከዚያ በላይ ዕድገት ከየት ይመጣል? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ያሉት አባቶቻችን እንዲህ የተሳሳቱት የቴሌቪዥን ውል የሚባል ነገር ስላልነበራቸው ብቻ ነው።

የሒሳብ ሊቅነታቸውም አይረሳ። ወደ መጋቢቱ ውድድር ከሚገቡት ቡድኖች አብዛኞቹን የሚመርጠው ኮሚቴ፣ ከ2018 ወዲህ በአዲስ የደረጃ ስሌት ይመራል። በዚህ ስሌት በሜዳህ ከ1ኛ እስከ 30ኛ ያለውን፣ በሰው ሜዳ ደግሞ እስከ 75ኛ ያለውን ማሸነፍ ከሁሉ የላቀ ድል ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ የባለጸጎቹ ኮንፈረንሶች ቡድኖች እርስ በርስ በተጋጠሙ ቁጥር ያሸነፈው ይከብራል፤ የተሸነፈውም «ከጠንካራ ቡድን ጋር ነው የተሸነፈው» ተብሎ እምብዛም ሳይጎዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሽንፈትን ወደ ማዕረግ የለወጠ እንዲህ ያለ ጥበብ ሊመሰገን ይገባዋል።

አንድ ቡድን በዓመት እስከ 31 ግጥሚያ ሲፈቀድለት 20ውን ለሊጉ ከሰጠ ለውጭ ሰው የሚተርፈው 11 ነው። ከባለጸጋው ሜዳ ድረስ ተጉዞ፣ ለአንድ ምሽት ጨዋታ ወደ መቶ ሺህ ዶላር የሚጠጋ ክፍያ ተቀብሎ የዓመቱን በጀት የሚደጉመው ትንሹ ትምህርት ቤት በሩ የሚዘጋበት እዚህ ላይ ነው። በመጋቢት 2018 የባልቲሞር አካባቢው ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የዩኤምቢሲ ቡድን የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን 74 ለ 54 ሲረታ፣ በወንዶቹ ውድድር ታሪክ አንደኛ ደረጃ የተሰጠውን ቡድን ያሸነፈ የመጀመሪያው 16ኛ፣ ማለትም የመጨረሻውን ደረጃ የተሰጠው ቡድን፣ ሆነ። እንዲህ ያሉ ልጆች ራሳቸውን የሚያሳዩባትን ጥቂት ምሽት ቀምቶ ለማስታወቂያ አስነጋሪ የሚቸረችር ሰው፣ «ተማሪ» የሚለውን ቃል ከአፉ ለማውጣት ሊያፍር ይገባዋል። ይህ በጠራራ ፀሐይ የሚፈጸም ቅሚያ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ የሊቆቹ ሒሳብም አንዳንዴ ይከዳቸዋልና። በ2025 እርስ በርሱ 20 ጊዜ የተጋጠመው የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ ከ18 ቡድኖቹ አራት ብቻ ወደ መጋቢቱ ውድድር ሲያስገባ፣ በ18 ግጥሚያ የረጋው የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ከ16 ቡድኖቹ 14ቱን አስገባ። ወዲያው የአትላንቲኩ ኮንፈረንስ ለቀጣዩ ዓመት ወደ 18 ተመለሰ። ሲጨመር ያጨበጨቡት ተንታኞችም ሲቀነስ አጨበጨቡ፤ ሲጨመርም ለተማሪው ነበር፣ ሲቀነስም ለተማሪው ሆነ።

ከ2026 እስከ 2027 ባለው የውድድር ዓመት ደግሞ የሚፈቀደው ግጥሚያ ወደ 32 ከፍ ይላል። ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች ያችን አንዲት ትርፍ ምሽት በተስፋ እየጠበቁ ይሆናል። እኔ ግን በተማሪዎቹ ዕድገት እንደምትያዝ አልጠራጠርም፤ የቀረው የትኛው ጣቢያ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያስተላልፋት መወሰን ብቻ ነው።