ቁጥሩን ቦኖው ላይ ጻፉልን

የእህቴ ልጅ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዓይን አፋር ስለሆነች ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ልደቷ ላይ ፎቶ ልናነሳት ስንል ጓደኞቿ በሙሉ ጥርሳቸውን ብልጭ አድርገው ቆሙ፣ እሷ ከንፈሯን ግጥም አደረገች። እናቷ «ሳቂ እንጂ የኔ እናት» ስትላት «ይታያላ» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። እኔ ግን የያዝኩት ኬክ አልዋጥ አለኝ።

የሚታየው የፊት ጥርሶቿ ላይ ያለው ቡናማ መስመር ነው። ልጅቷ ጠዋት ማታ ትቦርሻለች። መስመሩ በብሩሽ አይለቅም፣ ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የተሠራ ነው። ያደገችው ከአዳማ ወጣ ብሎ የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣበት መንደር ነው። በኛ አካባቢ ይሄ ብርቅ አይደለም። ከወንጂ እስከ መቂ፣ ከዚያም አልፋችሁ ወደ ሐዋሳ ብትወርዱ፣ ሰው ከት ብሎ ሲስቅ የስምጥ ሸለቆ ልጅ መሆኑን ትለያላችሁ። በጣም ስለለመድነው ችግር መሆኑንም የረሳነው ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ጥርስ እንዲህ የሚያበልዘው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ሲበዛ ነው። የሚጠጣ ውሃ የሚቀዳበት እያንዳንዱ ቦኖ ላይ የፍሎራይዱ መጠን በቁጥር ይጻፍ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ጎላ ብሎ፣ በቀለም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ እየደጋገመ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም የጂኦሎጂ ተማሪ ሆነን ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ ሳይቀር ስለ ማግማ ይወራ ነበር። ጥሩ ነው። በሳተላይት የሚደረገው ምርምርም የሚገርም ደረጃ ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት የተኙ የሚመስሉት እሳተ ገሞራዎች፣ አሉቶ፣ ቦራ፣ እንዲሁም ሐዋሳ አጠገብ ያለው ኮርቤቲ፣ በየጊዜው ከፍ ዝቅ እንደሚሉ ከጠፈር ለክቶ አሳይቷል። ግን ያው መሬት ሳይንቀጠቀጥም በየቀኑ አንድ ነገር እየሰጠን ነው፣ በጀሪካን እየቀዳን ቤት የምናስገባው። ስለሱ ሻይ ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ብሎኬት የምንሠራበትን ፑሚስ ታውቁታላችሁ። ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ። እሱም፣ ባልጩቱም፣ ከቦሰት ተራራ በታች የተነጠፈው አመድም ከእሳተ ገሞራ የወጡ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ ፍሎራይድ አዝሏል። ዝናብ ወደ ውስጥ ሰርጎ ሞቅ ባለው ድንጋይ መሃል ለረጅም ዓመታት ሲቆይ ድንጋዩ ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ፍሎራይዱም ወደ ውሃው ይገባል። እዚህ ላይ ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ይይዘው ነበር። ካልሲየምና ፍሎራይድ ሲገናኙ ፍሎራይት የሚባል ማዕድን ሆነው ይረጋሉ። የኛ ከርሰ ምድር ውሃ ግን በመንገዱ ላይ ካልሲየሙን ለአፈሩ ሰጥቶ ሶዲየም ይቀበላል። የሚይዘው ስለሌለ ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ እንደሟሟ ይቀራል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ውሃ ምን ይመስላል? በጣም ጥሩ ውሃ ይመስላል። ኩልል ያለ ነው። አይሸትም። ሳሙና ሲነካው ወዲያው አረፋ ይሰጣል። እህቴ መንደር ልብስ ሲታጠብ «የኛ ውሃ ሳሙና አይፈጅም» ብለው ሲያመሰግኑት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሳሙና የማይፈጀው ካልሲየም ስለሌለው ነው፣ ፍሎራይዱ የቀረውም በዚያው ምክንያት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይላል። በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ደግሞ ጉድጓድ ከጉድጓድ ይለያያል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የስዊዘርላንዱ የውሃ ምርምር ተቋም የኤዋግ ተመራማሪዎች ከ400,000 በላይ ልኬቶችን ሰብስበው፣ ኮምፒውተር ከልኬቶቹ ራሱ እየተማረ በሚተነብይበት ዘዴ የዓለምን የፍሎራይድ ካርታ ሠርተዋል። በግምታቸው ወደ 180 ሚሊዮን ሰው ለዚህ ተጋልጧል፣ የኛ ስምጥ ሸለቆም ካርታው ላይ ቀልቶ ይታያል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ካርታው የቱ ቦኖ እንደሆነ አይነግርም። እህቴ ደግሞ የምትቀዳው ከቦኖ እንጂ ከካርታ አይደለም።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው ልግባ፣ እኔን በጣም የገረመኝ እሱ ነው። የጥርሳችን የላይኛው ጠንካራ ክፍል ሃይድሮክሲአፓታይት ከሚባል ማዕድን የተሠራ ነው፣ ካልሲየምና ፎስፌት ነው ዋናው ነገሩ። አጥንትም የተሠራው ከዚያው ዓይነት ማዕድን ነው። ፍሎራይድ ወደዚህ ማዕድን ሲጠጋ አንዱን ክፍል አስወጥቶ እሱ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ትንሽ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ሲበዛ ግን ገና እየተሠራ ያለውን የልጅ ጥርስ ሥራውን ያበላሽበታል። ጥርሱ ደቃቅ ቀዳዳ ይበዛበታል፣ ከወጣ በኋላም ቀለም ይይዛል። አጥንት ላይ ሲጠራቀም ደግሞ በብዙ ዓመት ውስጥ ወገብና አንገት ያደርቃል። በወንጂ የስኳር እርሻ መንደሮች የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ያረጁ ሠራተኞች ላይ ይህ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ጎንበስ ብለው የሚሄዱ፣ ዞር ለማለት መላ ሰውነታቸውን የሚያዞሩ አባቶችን እኔም በልጅነቴ አይቻለሁ። ያኔ ሸንኮራ ማጨዱ ነው ያጎበጣቸው ይባል ነበር።

የሚገርመው ይሄው በሽታ የሚያመጣው ጠባይ መድኃኒትም መሆኑ ነው። የከብት አጥንት አየር እንዳያገኝ ተደርጎ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሲከሰል፣ ከዚያ ተሰባብሮ ማጣሪያ ውስጥ ሲገባ፣ የልጁን ጥርስ ሊይዝ የነበረውን ፍሎራይድ አጥንቱ ቀድሞ ይይዘዋል። በስምጥ ሸለቆ ተሞክሯል፣ ይሠራል። ከአሉሚኒየም ውህድ የሚሠሩ ማጣሪያዎችም አሉ፣ በአሉምና በኖራ የሚያዘቅጠው የሕንዶቹ የናልጎንዳ ዘዴም አለ። የአጥንቱ ጉዳይ እኛ ጋ የራሱ ጥያቄ አለው። በጾም ወቅት በአጥንት ያለፈ ውሃ እንዴት ይጠጣል የሚል ሰው አለ፣ ከብቱ በማን እጅ እንደታረደ የሚጠይቅም አለ። ይህ ከሳይንስ ጋር የሚጣላ ጥያቄ አይደለም፣ ከቄሶችና ከሼኮች ጋር ቁጭ ብሎ ማጣሪያው ሳይተከል በፊት የሚነጋገሩበት ነው። ሌላው ግን ይከብዳል፦ አጥንቱ አንድ ቀን ይጠግባል። ሲጠግብ ውሃው መልኩም ጣዕሙም አይለወጥም። ካልተለካ ማንም አያውቅም። እዚህም ዞሮ ዞሮ ቁጥሩ ጋ ደረስን።

እህቴን ልንገራችሁ። ጎበዝ እናት ናት፣ ለልጆቿ የምትሰጠውን ውሃ ሁሌም ታፈላለች። ጠዋት ትልቁን ብረት ድስት ትጥዳለች፣ እስኪንፈቀፈቅ ትጠብቃለች፣ ትንሽም «በደንብ ይብሰል» ብላ ትጨምርለታለች። ለጀርም ትክክል ናት። ለፍሎራይድ ግን ማፍላት ምንም አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። በሊትር 3 ሚሊግራም ያለበት ውሃ ሩቡ ከተነነ የቀረው በሊትር 4 ሚሊግራም ይሆናል። ይህን ስነግራት ድስቱን እያየች ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ እስከዛሬ ለምን ማንም አልነገረኝም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሻይ ቅጠልም በተፈጥሮው ፍሎራይድ እንደሚያከማች ልጨምርላት አስቤ ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ስለዚህ ነገር ሰፈር ውስጥ ስናገር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ጋሽዬ እኮ ሠላሳ ዓመት ከዚያው ጉድጓድ ጠጥተው ጥርሳቸው ነጭ ነው!» እውነት ነው፣ ነጭ ነው። ግን ጋሼ ከደብረ ብርሃን የመጡት ጎልማሳ ሆነው ነው። ጥርስ የሚሠራው እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው፣ የጥበብ ጥርስን ትተን። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ጥርሱ አይበልዝም። ስለዚህ የሳቸው ነጭ ጥርስ ስለ ደብረ ብርሃን ውሃ እንጂ ስለኛ ውሃ አይመሰክርም። አጥንታቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሥነ አመክንዮ፣ ሎጂክ የሚባለው ትምህርት የሚያስፈልገን። በሽታውን መጀመሪያ የፈታው እሱ ነውና። ፍሬድሪክ መኬይ የሚባል የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሥራ ሲጀምር የከተማው ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። መንስኤው አልታወቀም። በ1923 አይዳሆ ውስጥ ኦክሊ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ። ወላጆች መስመሩ የመጣው ከሞቀ ምንጭ የውሃ ቧንቧ ካስገባን ወዲህ ነው አሉት። ውሃውን አስመረመረ፣ ምንም አልተገኘም። እሱ ግን ቧንቧውን ተዉት፣ ሌላ ምንጭ ተጠቀሙ አለ። በጥቂት ዓመት ውስጥ የትንንሾቹ ቋሚ ጥርስ ንጹህ ሆኖ ወጣ። ፍሎራይድ መሆኑን ኬሚስቱ ቸርችል በመሣሪያ ያገኘው በ1931 ነው፣ ከስምንት ዓመት በኋላ! ኬሚስትሪው ስሙን ሳያውቀው ሎጂኩ ልጆቹን አድኗል።

መኬይ ያደረገው ነገር ስም አለው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 የጻፈው የልዩነት ዘዴ ነው፦ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ሲለወጥ ውጤቱ ከተለወጠ፣ ምክንያቱ እዚያ ጋ ነው። በኛ ዘመን ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጁዲያ ፐርል ይህን ወደ ሒሳብ ቋንቋ አምጥቶት እ.ኤ.አ. በ2011 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን አግኝቶበታል። ጥያቄው «ምን አየን?» ብቻ ሳይሆን «ብንለውጠው ምን ይሆናል?» የሚል ነው። የበለዘ ጥርስ ያላቸውን መቁጠር አንድ ነገር ነው። የልጆቹን ውሃ መለወጥ ሌላ ነው። እኛ ስንቆጥር ኖረናል።

ታዲያ ቁጥሩ መጻፉ ምን ያደርጋል? አማራጭ ለሌለው ሰው ፍርሃት መጨመር ነው የሚሉኝ አሉ። ስጋቱ ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። ጉዳቱ የሚመጣው ከሚጠጣውና ከሚበሰልበት ውሃ ነው። ለልብስ፣ ለገላ፣ ለቤት ማጽጃ የጉድጓዱ ውሃ ምንም አይልም። ለአንድ ትንሽ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ጥቂት ሊትር ነው። ቁጥሩን ያወቀች እናት ያንን ጥቂት ሊትር ቁጥሩ ዝቅ ካለበት ቦኖ ታስቀዳለች፣ ወይም ከታከመው የአዋሽ ውሃ ከከተማ አንድ ጀሪካን ታስመጣለች። በክረምት ከቆርቆሮዋ ላይ የዝናብ ውሃ በንጹህ ዕቃ ታጠራቅማለች፣ ዝናብ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፣ እሱን አፍልታ ትሰጣለች። ይህን ሁሉ ማድረግ የምትችለው ግን የቱ ቦኖ ስንት እንደሆነ ካወቀች ነው።

መለካቱ አስቸጋሪ አይደለም። ፍሎራይድን የሚለካው ኤሌክትሮድ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ቁጥር ይሰጣል። አዳማ ውስጥ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለን። ተማሪዎቹ በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራሉ፣ አሥር አሥር ቦኖ ቢካፈሉ ብዬ አስባለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ የእህቴ መንደር ጉድጓድ ሲቆፈር የተለካውን ጠይቄ ነበር። ሰውየው ትሁት ነበሩ፣ ፋይሉም እንዳለ ነገሩኝ። «ለምን ፈለግኸው?» አሉኝ። ልጆች ስለሚጠጡት አልኳቸው። በደብዳቤ ጠይቅ አሉኝ፣ ጠየቅኩ። አራት ወር ሆነው።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ቦኖ ጋ ሄጄ ግድግዳውን በደንብ አየሁት። የጀሪካን ዋጋ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት ተጽፏል። ከሥሩ ወደ አንድ ክንድ የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። የእህቴ ትንሹ ልጅ እግሬ ሥር ቆሞ ከቧንቧው የሚንጠባጠበውን በመዳፉ እየያዘ ይጠጣ ነበር። ሁለት ዓመቱ ነው። ቋሚ የፊት ጥርሶቹ ገና ድዱ ውስጥ እየተሠሩ ነው።