ሌባውን ቆልፉ፣ ጠጋኙን ተዉት
አፕል የአይፎንን ስክሪንና ባትሪ ከስልኩ ጋር በሶፍትዌር ማሰሩ፣ ማለትም ከሌላ ስልክ የወጣ ዕቃ ሲገጠም በደንብ እንዳይሠራ ማድረጉ፣ ሌባን ያከስራል የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ የተሰረቀ ስልክ ተበታትኖ እንደሚሸጥ ማን ያጣዋል? ግን ለዚህ ሌላ መላ መጥቷል። ከአይኦኤስ 18 (የአይፎን ስርዓተ ክወና) ወዲህ በባለቤቱ የአፕል አካውንት ከተቆለፈ ስልክ የወጣ ዕቃ ሌላው ላይ ሲገጠም የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ካልተገኘ ዕቃው በሙሉ አቅሙ አይሠራም። በቃ! ታዲያ ባለቤቱ ራሱ ከሸጠው የሞተ ስልክ የወጣ ኦሪጅናል ስክሪን ምን አጠፋ? የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት በ2024 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያለውን ማሰር የሚከለክል ሕግ አጽድቃለች፤ አፕል ደህንነትን ጠቅሶ ቢቃወምም። እኛ አገር ደግሞ ብዙው ስልክ የሚጠገነው ሰፈር ባለች ትንሽ ሱቅ ነው። የሱቁ ጠጋኝ ልጅ ከአሮጌው ስልክ ዕቃ አውጥቶ መግጠም ካልቻለ፣ ደህና ካሜራና ስክሪን ያለው ስልክ በአንድ የተቃጠለ ቦርድ ምክንያት ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው።