የሮም ደጅ ጥናት፣ እንዴት ያለ ወግ ነው!

የጥንት ሮማዊን በስንፍና የሚያማ ሰው ማለዳውን አላየም። ጎህ ሳይቀድ ነፃው ዜጋ ይገሰግሳል። ሥራ ሊሠራ እንዳይመስላችሁ፤ ለሥራማ ባሪያ አለ። እሱ የሚሄደው የባለጸጋ ደጅ ሊጠና ነው።

መጀመሪያ ቶጋ ይለበሳል፤ በሐሩርም ቢሆን የማይቀር ከባድ የሱፍ ኩታ። ግራ እጅን ጠፍሮ ስለሚይዝ ሥራ አያስነካም፤ ጨዋነቱም እዚያ ላይ ነው። በረኛው ባሪያ ነው፤ በቀደመው ዘመንማ ከነሰንሰለቱ ደጃፉ ላይ ይታሰር ነበር። ነፃው ሰው እስረኛውን "እባክህ አስገባኝ" ሲል ነፃነት አላማረችም ትላላችሁ? ውስጥ ሌላ ባሪያ አለ፤ ሥራው የባለጉዳዩን ስም በጌታው ጆሮ ሹክ ማለት ነው። ጌታው እያዛጉ ስሙን ይጠራሉ። "ያውቁኛል እኮ!" ይላል ደጅ ጠኚው፣ ቀኑን ሙሉ።

ክፍያውንም አትናቁ። ስፖርቱላ ይባላል፣ ትንሽ ቅርጫት ማለት ነው፤ ድሮ ምግብ ይያዝበት ነበር፣ ኋላ ጥሬ ገንዘብ ሆነ፤ 100 ኳድራንስ፣ ማለትም አስ በሚባለው የሮም ሳንቲም 25። ኳድራንስ ከሳንቲም ሁሉ ታናሿ ናት፤ አንዷ ለአንድ ወንድ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት መግቢያ ትበቃለች። ብቻ አፍ እንዳይስት! "ጌታዬ" በማለት ፈንታ በስማቸው የጠራቸው ሰው መቶዋን ተሰናበታት። እራት የተጠራም ደረጃውን አይስትም፤ በአንድ ማዕድ ሦስት ዓይነት ወይን የሚያቀርቡ ነበሩ፤ ምርጡ ለጋባዡና ለእኩዮቹ፣ መለስተኛው ለታናናሽ ወዳጆች፣ ተራው ነፃ ለወጡ ባሮች። ሰው ማንነቱን ከጠጁ ሲያውቅ ሌላ መታወቂያ ምን ያደርግለታል?

ጌቶቹም አይቦዝኑም። አንዳንዱ የራሱን ደጅ ጠኚዎች በጓሮ በር ያመልጣል፤ አንዳንዱም ከእሱ የሚበልጠውን ሊጠና ይሮጣል።

ለወጉ ፍትሐዊነት ባሪያ የነበረውን ካሊስቱስን ማንሳት ይበቃል። ጌታው አንገቱ ላይ የሽያጭ ጽሑፍ አንጠልጥሎ፣ ከማይረቡት ባሮች ጋር ገበያ አወጣው፤ ጨረታ ጠሪው ድምፁን በሚሞክርበት በመጀመሪያው ምድብ። ካሊስቱስ ነፃ ወጥቶ በንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ቤት ባለሥልጣን ሆነ። ያ የሸጠው ሰውም ቶጋውን ለብሶ ከደጁ ቆመ። ሌሎቹ ሲገቡ በሩ ለእሱ ብቻ ተዘጋ።