10 ጨዋታ አይበቃም

በጽሑፍዎ አዲሱ የቼዝ ፕሮግራም የቀድሞውን በ10 ጨዋታ 6 ለ 4 ስለረታ «በጣም ጠንክሯል» ብለዋል። ስለ ቼዝ በአማርኛ መጻፍዎ ደስ ብሎኛል፤ እዚህ ደብረ ማርቆስ እየተቀባበልን ነው ያነበብነው። ድምዳሜው ግን አላሳመነኝም።

እኩል አቅም ያላቸው ሁለት ፕሮግራሞችም በ10 ጨዋታ በቀላሉ 6 ለ 4 ይወጣሉ። 100 ጨዋታ ቢጫወቱ እንኳ ውጤቱ ወደ 50 የኢሎ ነጥብ (የቼዝ ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። አንድ ማሻሻያ የሚጨምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቂት የኢሎ ነጥብ ብቻ ነው። የ10 ኢሎ ብልጫ ማለት ከ100 ጨዋታ 51 ተኩል ያህል የጨዋታ ነጥብ ማግኘት ነው፤ ይሄ በ10 ጨዋታ እንዴት ይታያል? ስቶክፊሽ የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም የሚሠሩት ሰዎች አንዲት ትንሽ ለውጥ ለመፈተሽ በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ የሚያጫውቱት ለዚህ ነው።

አጀማመሩም አልተነገረንም። የተለያዩ መክፈቻዎች (የጨዋታ መጀመሪያ እንቅስቃሴዎች) ተመርጠው፣ እያንዳንዱ ነጭና ጥቁር ተቀያይሮ ሁለቴ መጫወት አለበት። ያለዚያ አቻ ይበዛል፣ ተመሳሳይ ጨዋታም ይደጋገማል። ላፕቶፕ ሲግል ፍጥነቱ እንደሚወርድም አይርሱ።

ለእኛ አካባቢ ልጆች ግን ሌላ መመዘኛም አለ። ስቶክፊሽ 12 በ2020 የነርቭ መረብ (ከምሳሌዎች የሚማር የኮምፒውተር ስልት) ይዞ ሲወጣ እንኳ ከማንኛውም ሰው እጅግ የላቀ ነበር። ስለዚህ ጨዋታውን ለሚመረምር ተማሪ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በአሮጌ ስልክ ይሠራል? ባትሪ ይጨርሳል? እባክዎ ይህንንም ፈትሸው ይጻፉልን፤ የጨዋታዎቹንም ፋይል አያይዙልን።