በሞቴ ያልገባበት ምግብ

አዲስ አበባ ውስጥ የቀረበላችሁን ምግብ «አልበላም» ለማለት ሁለት ሕጋዊ ምክንያቶች ብቻ አሉ። አንዱ ጾም ነው። ሌላው ሐኪም ነው። «በልቼ ነው የመጣሁት» የሚለውን ማንም አያምነውም፤ እሱ የክርክሩ መክፈቻ ነው። «ጠግቤያለሁ» ደግሞ ባለቤቷን ማስቀየም ነው። «ጤንነቴን ልጠብቅ ብዬ ነው» የሚል ሰው ከመጣማ ወይ ታሟል፣ ወይ ከስሯል፣ ወይ ፕሮሰስ ጀምሯል፣ ለውጭ አገር ማለቴ ነው።

በዚህ ከተማ ነው እንግዲህ ሰሞኑን ያገኘሁት ሰው ሁሉ «ክሊን ኢቲንግ ጀመርኩ» የሚለኝ። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። የፋብሪካ ነገር መተው፣ ከማሳ የመጣውን ብዙ ሳይነካኩ መብላት። ስኳር የለም። ለስላሳ የለም። ብስኩት የለም። ኢንዶሚ የለም። ሁሉም የሚጀምረው ሰኞ ነው፤ ማክሰኞ የጀመረ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ሰኞው በዓል ላይ ከዋለ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሠርግ አለ።

የጀማሪ የመጀመሪያ ሥራው ሱፐርማርኬት መሄድ ነው። ከታሸገ ምግብ ለመሸሽ የታሸገ ነገር ወደሚሸጥበት ቤት መሮጥ ግር ሊላችሁ ይችላል። እሱን ግን አይለውም። ቺያ ሲድ ይገዛል። ኪኖዋ ይገዛል። የአልመንድ ወተት ይገዛል፤ ዋጋውን ሲያይ ትንሽ ይደነግጥና ጤና በገንዘብ አይተመንም ብሎ ራሱን ያጽናናል። ማታ ቺያውን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋል። ሲነጋ ቺያው አብጦ፣ ተዝለግልጎ ይጠብቀዋል። ፎቶ ያነሳውና ይጠጣዋል። ይኸው ሰው ልጅ ሆኖ እናቱ ተልባ ስትበጠብጥለት «ይዝለገለጋል» ብሎ አፍንጫውን ይዞ የሸሸ ነው። ተልባው ዛሬም እዚያው ቤት አለ። ኩሽናው ጥግ፣ ከአብሹ ጎን፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል። ጥፋቱ ባሕር አለመሻገሩ ነው።

ምግብን በዚህ መንገድ የደለደሉት ብራዚሎች ናቸው። የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲው ካርሎስ ሞንቴሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን አቀረቡ፤ ኋላ ኖቫ የሚል ስም ወጣለት። ድልድሉ አራት ነው። አንደኛው ያልተነካ ወይም በጥቂቱ ብቻ የተነካ ነው፤ እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ ጎመኑ፣ እንቁላሉ፣ ሥጋው። ሁለተኛው ማብሰያው ነው፤ ጨው፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ ስኳር። ሦስተኛው የሁለቱ ቅልቅል ነው፤ ተራ ዳቦና አይብ የመሰለው። አራተኛው ማንም ቤት ኩሽና ውስጥ በማይገኝ ነገር ፋብሪካ የፈበረከው ነው። መራቅ ያለባችሁ ከዚህ ከመጨረሻው ነው።

በዚህ ሚዛን የእኛን ጓዳ መመዘን ያስቃል። ቆሎ አንደኛ። ንፍሮ አንደኛ። ቂንጬ አንደኛ። ምስር ወጥ የአንደኛና የሁለተኛ ጋብቻ ነው። በሶን ውሰዱት። ገብስ ተቆላ፣ ተፈጨ፣ አለቀ። ለዘማች ስንቅ ነበር፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ከቆሎው ጋር ይገባል። ልጁ ግን በሶውን የሚበጠብጠው ተደብቆ ነው፤ የዶርም ጓደኞቹ ካዩት ድህነቱ ይታወቅበታል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ያንኑ በሶ ቦሌ አካባቢ በረጅም ብርጭቆ፣ ከላዩ ሙዝ ተቆርጦበት፣ ስሙ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሲያገኘው ደስ ብሎት ይከፍላል።

በኖቫ የተደሰቱት ግን የሥጋ ቤት ደንበኞች ናቸው። «ያልተነካ ምግብ» የሚለውን ሲሰሙ ቁርጣቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይህን ማን ነካው?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ከቢላዋው በቀር ማንም አልነካውም። ስለ ኮሶ ትል ካነሳችሁባቸው መልስ አላቸው። ሚጥሚጣ ይገድለዋል። ሚጥሚጣ ያልገደለውን አረቄ ይገድለዋል። አረቄም ያልገደለው ትል ከተገኘ፣ በሕይወት መኖር ይገባዋል ባዮች ናቸው።

የጀማሪው ዋና ፈተና ግን ምሳ ሰዓት ነው።

እኛ መሥሪያ ቤት ስድስት ሰባት ሆነን ነው የምንበላው። ሁሉም ምሳ ዕቃውን ይከፍትና አንድ ትሪ ላይ ይገለብጣል። ሽሮው ከቀይ ወጡ፣ ቀይ ወጡ ከፓስታው ጋር ይዋሰናል። የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ለማወቅ መሞከርም ነውር ነው። አንድ ቀን ከሂሳብ ክፍል የሆነ ባልደረባችን (ስሙ ይቆየን) ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ሳይገለብጥ ለብቻው አስቀመጠ። የተቀቀለ ስኳር ድንች። ግማሽ አቮካዶ። ሁለት እንቁላል። ቀይ ሥር። ጠረጴዛው ዝም አለ።

«ምነው፣ ደመወዝ አልደርስ አለህ?» አለች ጸሐፊዋ።

«ኧረ የለም። የተፈጥሮ ምግብ ብቻ ልብላ ብዬ ነው።»

«ሽሮ ሰው ሠራሽ ነው እንዴ?»

ዝም ቢል ይሻለው ነበር። እሱ ግን ስለ ዘይቱ ማስረዳት ጀመረ። የረጋው፣ የፈሰሰው፣ የተጣራው። ሰው በራሱ ወጥ ላይ ንግግር ሲደረግበት እንዴት እንደሚከፋ ታውቃላችሁ። ስምንት ሰዓት ላይ «ስኳር ተገኝቶበታል» ተባለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከግዢ ክፍል አንዷ ሽፈራው በፌስታል ይዛ መጣች፤ «አጎቴን ያተረፈው ይሄ ነው» ብላ እጁን ጨበጥ አደረገችው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ጥበቃው አብሽ በባዶ ሆድ እንዲጠጣ መከሩት። መውጫ ሰዓት ላይ አለቃው አስጠርቶት በር ዘጋና፣ «ለምን አልነገርከኝም? የሕመም ፈቃድ እኮ መብትህ ነው» አለው።

በማግስቱ ጉርሻ መጣ። ጉርሻ ጀርባው ላይ ዝርዝር አልተጻፈበትም። ምን እንደገባበት የሚታወቀው ከተዋጠ በኋላ ነው። ጸሐፊዋ እጇን ዘርግታ «በሞቴ!» አለች። እንግዲህ ፍረዱ። በአንድ በኩል የራሱ ኮሌስትሮል አለ፣ በሌላ በኩል የሰው ነፍስ አለ። ጎረሰ። «አንድ ያጣላል» ተባለ፤ ደገመ። ይህን ያየችው የግዢ ክፍሏ፣ «የእሷን ጎርሰህ የእኔን ልትመልስ?» አለች። ያን ቀን ከወትሮው በላይ በላ። አቮካዶውንም ለትሪው አካፈለ። በአዋዜ ምን የመሰለ ነበር።

ዘመድ ቤት ደግሞ ይብሳል። እኛ ዘንድ «ወፈርክ» ሙገሳ ነው። «ከሳህ» ሲባል ግን ተቀመጥና ተናዘዝ ማለት ነው። ባልደረባችን ትንሽ ኪሎ ቀንሶ ሚስቱን ይዞ አክስቱ ጋር ሄደ።

«አንተ! ምን አግኝቶህ ነው እንዲህ የመነመንከው?»

«ደህና ነኝ እትዬ። ስኳርና ዘይት ቀንሼ ነው።»

«ማን ቀንስ አለህ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

አክስት ቀስ ብለው ወደ ሚስቲቱ ዞሩ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ያች ምስኪን ባሏን በቺያ ጉዳይ ስትለምን፣ ስትቆጣ የከረመች ናት፤ የሚያውቅላት ግን የለም። ወዲያው ዶሮ ወጡ ቀረበ። አክስት በዶሯቸው አይታሙም፤ ሽንኩርቱ ቀኑን ሙሉ ሲቁላላ የዋለ፣ ቅቤው የሸኖ፣ በርበሬው እጃቸው የደለዘው ነው። «ከዚህ ቤት የፋብሪካ ነገር ገብቶ አያውቅም» ይላሉ። ኩሽና ውሃ ልትጠጡ ገብታችሁ ተጨማዶ የተጣለ የማጣፈጫ ኩብ ወረቀት ካያችሁ፣ አላያችሁም።

አንድ ነገር ግን ለአክስት ልመስክርላቸው። ይህ ከተማ ያልተበረዘ ምግብ ፍለጋ የወጣው ኖቫ ሳይኖር ነው። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝና ከፓልም ዘይት፣ ማር ከስኳር፣ እንጀራ ከጀሶ ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና አዲስ አበቤ በየጊዜው ሲሰማ ነው የኖረው። ፈረንጅ የካርቶኑን ጀርባ ያነባል። እኛ የምናነበው የሻጭዋን ፊት ነው። ማሩን ገጠር ያለ ዘመድ ይልካል። ቅቤውን የምታመጣ አንዲት የታወቀች ሴት አለች፤ ስልኳ ለማንም አይሰጥም። ወፍጮ ቤት እህሉ ተሰጥቶ አይኬድም፤ ከላይ ሲገባ፣ ከታች ሲወጣ ቆሞ ይታያል፤ የጎረቤት ሽንብራ ከእኛ ጤፍ እንዳይገናኝ። እንደ ሌላው ጉዳይ ሁሉ ይሄም ሰው ይፈልጋል። ሰው ያለው ንጹሕ ይበላል፤ ሰው የሌለው ኦርጋኒክ የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ይገዛል።

ከአሜሪካ የሚመጡትን እዩአቸው። ሲመጡ ሻንጣቸው ቪታሚንና ፕሮቲን ባር ነው፤ ለአክስት የጉልበት፣ ለአጎት የዓይን። ሲመለሱ ሁለቱም 23 ኪሎ ሻንጣ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ ይሞላል። ኦርጋኒክ ሱቅ ከበራቸው እየኖሩ ማለት ነው። ኤርፖርት ሚዛኑ ላይ ቪታሚን ሲቀነስ አይቻለሁ፤ ሽሮ ሲቀነስ ግን አላየሁም።

ወደ ባልደረባችን እንመለስ። በግልጽ ጤናዬን ልጠብቅ ማለቱ እንዳላዋጣው ገብቶታል። ስለዚህ ወደ ሕጋዊዎቹ ምክንያቶች ዞረ። መጀመሪያ ጾምን ሞከረ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ሁዳዴ አለ፤ ተደማምሮ ተራው ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ያ ሁሉ ቀን ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። ግን ጾም ከሥጋ እንጂ ከከተማው አያድንም። የጾም ኬክ አለ። የጾም ፒዛ አለ። የጾም ብስኩት አለ። በያይነቱ ራሱ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚመጣው። «አልበላም» ስትሉ «የጾም እኮ ነው!» ይባላል፤ ይህች ቃል የማትምረው ኃጢአት የለም። ሙስሊም ጓደኛችንም አዘነለት። «እኛም እኮ በተምርና በውሃ ነው የምናፈጥረው» አለው፣ «ሳምቡሳው እስኪመጣ ድረስ።»

ቀጥሎ ሐኪምን ሞከረ። «ዶክተር ከልክሎኛል» አለ። የቱ ዶክተር? የት ያለው? የጸሐፊዋ እህት የምትታይበት ሐኪም እኮ ሁሉን ብሉ ነው የሚለው። ለሁሉም የውጤት ወረቀቱን አምጣው፣ የእኔ ባል ላብራቶሪ ነው የሚሠራው። ወረቀት የለም። ሐኪሙም ውድቅ ሆነ።

ሦስተኛው ምክንያት የተገኘው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ሰኞ ጉርሻው አፉ ጋር ሊደርስ ሲል ባልደረባችን አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ስለት አለብኝ» አለ። ጉዳዬ እስኪሞላ ጣፋጭና የፋብሪካ ነገር አልቀምስም ብዬ ለቁልቢ ገብርኤል ተስያለሁ አለ። የጸሐፊዋ እጅ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። በሞቴም ቢሆን መልአክ ፊት አቅም የለውም።

ምን ጉዳይ እንደሆነ አንድም ሰው አልጠየቀውም፤ ስለት አይጠየቅም። ስኳር ድንቹ ተከበረ። ቀይ ሥሩን ጸሐፊዋ ራሷ ትልጥለት ጀመር። የከሳውም «ጸሎት ይዞት ነው» ተባለ። እሱም ደስ አለው፣ ፊቱ ጠራ፤ ያ ደግሞ ስለቱ እየሠመረ መሆኑን አስመሰከረ። ሰው በየተራ ወደ ጠረጴዛው ይመጣ ጀመር። አንዷ ለልጇ ፈተና እንዲያሳስብላት። አንዱ ለኮንዶሚኒየም ዕጣ። ጥበቃው የሻማ ብር ሰጡ። የግዢ ክፍሏ ለመልአኩ የሚሰጥ ጥላ አሠርታ፣ በፌስታል ጠቅልላ ወንበሩ ሥር አኖረችለት። አለቃውም ያንን የሕመም ፈቃድ ወደ ዓመት ፈቃድ አዞረለት።

ሐምሌ 19 እየደረሰ ነው። ሰባት ሰው «ብቻህን አንሰድህም» ብሎ ሚኒባስ ተኮናትሯል። የስንቅ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ዳቦ ቆሎው ተጠብሷል፣ ሁለት ሳጥን ለስላሳ ተገዝቷል። ባለ ስለቱ መንገድ ላይ ምን ይብላ የሚለው ብዙ አከራከረ። በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ አንድ ካርቶን የጾም ብስኩት ተገዛለት።