ግማሽ ምዕተ ዓመት የጠበቀ መንገድና የደምቢያው ቱቦ

የእናቴ ታናሽ ወንድም ደምቢያ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ባለፈው ነሐሴ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ መጥቼ፣ ከጎንደር በአዘዞ አድርጌ፣ ቆላ ድባን አልፌ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳይጠብቁ ይዘውኝ የወጡት ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌያቸው ወደሚገባው አዲስ የጠጠር መንገድ ነበር። መንገዱ ከሜዳው የሰው ወገብ ያህል ከፍ ብሎ በተቆለለ አፈር ላይ ተሠርቷል። በላይኛው ወገን ውሃው መውጫ አጥቶ የጤፉን ማሳ ውጦታል፤ በታችኛው ወገን ደግሞ በክረምት ውሃ እየተኛበት በበጋ ለከብት ሣር ይሰጥ የነበረው የጋራ ግጦሽ በነሐሴ እንኳ ሣሩ አጥሮ ይታያል። በመካከሉ የተቀበረችው አንዲት የሲሚንቶ ቱቦ አፏ ከማሳው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ስለሚል፣ ውሃው በዋልካው ላይ ተኝቶ ይውላል እንጂ ወደ እርሷ አይደርስም። «አንተ ልጅ፣ ውሃው በየት በየት እንደሚያልፍ ቢጠይቁኝ እያንዳንዱን አሳያቸው ነበር፤ ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ።

በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለኝ የምኖርበት የሲልቨር ስፕሪንግ ሠፈር ነው። ከዓመታት በፊት በአቅራቢያችን አንድ መንገድ ሊሰፋ ታስቦ፣ ተከራይ ሳይባል ባለቤት ሳይባል ለየቤቱ ደብዳቤ ደርሶን ነበር። በትምህርት ቤት አዳራሽ በተጠራው ስብሰባ ላይ አንዲት ባልቴት የተፈቀዱላቸውን ሦስት ደቂቃዎች በሙሉ ስለ እንቁራሪት ሲናገሩባቸው፣ እኔና አብሮኝ የሄደው የአገሬ ልጅ ሳቃችንን አፍነን ተቀመጥን። ንግግራቸው ግን ተመዘገበ፤ መንገዱን የሚያሠራው መሥሪያ ቤትም በመጨረሻው ሰነድ ላይ በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ ነበረበት።

አሜሪካኖች ይህን የሚያደርጉት ከእኛ ይልቅ ደጎች ስለሆኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕጋቸው፣ የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ የሚነካው ትልቅ ሥራ አማራጮቹና ጉዳቶቹ አስቀድመው እንዲጠኑ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ 404ኛ ክፍል ደግሞ በሕጉ በሚጠበቅ ረግረግ ላይ አፈር መድፋት የሚፈልግ ሁሉ ከጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ጓድ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ፈቃድ ጠያቂው መጀመሪያ ረግረጉን መሸሽ፣ መሸሽ ካልቻለ ጉዳቱን መቀነስ፣ ለቀረው ብቻ በሌላ ቦታ ረግረግ አልምቶ ማካካስ አለበት። ረግረግ መሆኑ የሚለየውም በውሃው፣ በዕፅዋቱና በአፈሩ ነው። አንድ ባለሙያ በመሰርሰሪያ ያወጣውን ግራጫ አፈር የአፈር ቀለሞች ናሙና ከያዘ መጽሐፍ ጋር ሲያስተያይ በዓይኔ አይቻለሁ። አጎቴ ያንኑ አፈር በጣታቸው ፍቀው ውሃ ስንት ወር እንደሚተኛበት ይነግሩኛል፤ የእርሳቸውን ቃል የሚቀበል ቅጽ ግን የለም።

ይህ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል። የእኛው ሰው በየቀኑ የሚመላለስበት፣ በክፍያው የሚማረርበት ኢንተር ካውንቲ ኮኔክተር የሚባለው የሜሪላንድ መንገድ የታቀደው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል ለትራፊክ የተከፈተው በ2011 ነው። በመካከሉ ጥናቱ ተጀምሮ ቆመ፤ በአንድ አገረ ገዥ ተሰረዘ፤ በሌላው ተነሣ፤ ፍርድ ቤትም ደረሰ። ሲሠራም ዶዘር ከመግባቱ በፊት ኤሊዎች በእጅ እየተለቀሙ ወደ ሌላ ሥፍራ ተወስደዋል። ለአንድ ድልድይ ዐሥር ክረምት የጠበቀ የገጠር ሰው ይህን ቢሰማ «ጥጋብ ነው» ቢል አልፈርድበትም። የአሜሪካው ጥበቃም የጸና አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰጠው ውሳኔ፣ ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ጋር በገጸ ምድር ያልተያያዘ ረግረግ ከፌዴራሉ ሕግ ጥበቃ ወጥቷል። ማካካሻ የሚሉትም ነገር፣ ረግረግን «ባንክ» በሚሉት አሠራር እንደ ሸቀጥ የሚሸጥና የሚገዛ ስለሚያደርገው፣ እስካሁን ከልቤ አልገባም።

ሆኖም የእኛን ችግር የሕግ እጦት ማለት አይቻልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 አካባቢን በሚነካ ልማት ላይ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይላል፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮውና የሰው ኑሮ ተስማምተው እንዲቀጥሉ የታሰበበት ሥፍራ ነው። የጎደለው ጥያቄው የሚነሣበት ጊዜ ይመስለኛል፤ የመንገዱ መስመር ተሠምሮ፣ በጀቱ ተይዞ፣ ዶዘሩ ከደረሰ በኋላ የሚጻፍ ጥናት ለመዝገብ ቤት ካልሆነ ለማን ይጠቅማል? ትንንሾቹ የቀበሌ መንገዶች ደግሞ እዚያም ደረጃ አይደርሱም፤ ሆኖም ውሃን የሚገድቡት እንደ ትልልቆቹ ነው።

ደምቢያ ደግሞ ይህን የምትችል ምድር አይደለችም። የመገጭ ወንዝ ከጎንደር በላይ ካለው ደጋ ጠርጎ የሚያመጣው ደለል ጣና ከመግባቱ በፊት የሚያርፈው በዚህ ሜዳና በሐይቁ ዳር ባለው ደንገል ላይ ነው። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ ሕዝቡ ባሕር ሽሽ በሚለው እርጥብ መሬት ላይ ይዘራል። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ ውሃ አዘል መሬት የሚለው ስም እየተለመደ ቢመጣም፣ በዕቅድ ካርታ ላይ ግን አሁንም ባዶ መሬት ሆኖ የሚታይ ይመስለኛል፤ ቤት የለበትም፣ ካሣ የሚጠይቅም የለም፣ ስለዚህ መንገድ ለማሳለፍ ከሁሉ የረከሰ ነው።

አጎቴ መንገዱን አይጠሉትም። ባለፈው ዓመት ምጥ የያዛት ምራታቸው ቆላ ድባ የደረሰችው በእርሱ ነው። የሚፈልጉት ሁለት ቱቦ ብቻ ነው፤ አንዱን ከግራሩ ሥር፣ አንዱን ከጋራው ግጦሽ ጫፍ፣ ከማሳው ጋር እኩል ዝቅ ተደርጎ እንዲቀበር። ለሚመለከተው ክፍል አመልክተው «በጀት የለም» ተብለዋል።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ባጃጁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። የላይኛው ወገን ሰዎች ሌሊት በዶማ መንገዱን ቆርጠው ውሃውን ለቀውታል። ሹፌሩ «ሰሞኑን ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው» ብሎ ባጃጁን ወደ ኋላ መለሰ፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ እስከ ጉልበቴ በሚደርሰው ውሃ ውስጥ ወደ አስፋልቱ ተሻገርሁ።