«እናንተ ጋ ዘነበ?»

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ወርጄ ቲማቲም ገዛሁ። ኪሴ ውስጥ ጥሬ ብር አልነበረም። ሻጯ ከገጠር በጠዋት የወረዱ ትልቅ ሴት ናቸው። «ቴሌብር አለኝ» አሉኝ። ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡ። ላክሁ። ስልኩ ጢን አለ። እሳቸው ፊደል ስለማይለዩ አጠገባቸው ለምትሸጠው ልጅ አቀበሏት። «አዴ፣ ገብቷል» አለቻቸው። ስልኩ ወደ መቀነቱ ተመለሰ፤ ለእኔም ሁለት ቲማቲም ጭማሪ ጣል ተደረገልኝ።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ገና የትናንት ልጅ ነው። ድሬ ደግሞ አዲስ ነገር አያስደነግጣትም፤ ራሷን የቆረቆራት ባቡር ነው። ሳፋሪኮም እንኳ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን ሲጀምር መጀመሪያ የመጣው እኛ ጋ ነው። አዲስ አበባ ከኋላችን ተከተለች። አቦ፣ እንዲህ ያለ ዕድል ስንቴ ይገኛል!

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ስሙ የመረጃ ቴክኖሎጂ ነው፤ እኛ ግን ብሩ ላይ ቆመን ቀረን። ስለ ልማት ሲወራ የምሰማው ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ብር ተላለፈ ነው።

ቀፊራ ያለው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ ተራሮች በኩል ነው። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ብዙዎቹ እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግንብ ተሠርቷል፤ ጥሩ ነው። ግንብ ግን ሰው አይቀሰቅስም።

እናቴ የራሷ ዘዴ አላት። ተራራው በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ደንገጎ ላለችው አክስቴ ትደውላለች። «እናንተ ጋ ዘነበ?» «ኧረ መንገዱን ሞልቶታል!» ከተባለች ለጎረቤት ትናገራለች፤ ጎረቤትም ለጎረቤት።

ይህንኑ መሣሪያ ይሥራው ነው የምለው። ተራራው ላይ ሲም ካርድ ያለው የዝናብ መለኪያ ይተከል። ዝናቡ ልኩን ሲያልፍ፣ ደቻቱ ዳር ባሉት የኔትወርክ ማማዎች ክልል ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይድረሰው። በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ። ሌላው አገር ይሠራበታል፤ የማንንም ቁጥር ማወቅ አይጠይቅም። ቲማቲም ሻጯን ለመሰሉት ደግሞ ጽሑፉ ብቻ ስለማይበቃ ለየት ያለ ጩኸት ይኑረው። አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢደርስ ከነፍስ ሌላ የሚተርፍ አለ፤ ኩንታል ሽንኩርቱ፣ ሚዛኑ፣ የዕቁቡ ብር።

«ወጪውስ?» የሚል አይጠፋም። የዕጣ ማስታወቂያ በቀን አምስቴ ስልኬ ላይ እየገባ ስለ ወጪ የሚነግረኝን ሰው አልሰማውም።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ እናቴ እንደ ልማዷ ደወለች፤ አልተነሳም። ደገመች። በሦስተኛው ነጠላዋን ደርባ በረንዳ ላይ ተቀመጠች፤ ጆሮዋን ወደ ደቻቱ ጥላ እዚያው ነጋባት። ጠዋት አክስቴ መልሳ ደወለች። ተኝታ ነበር።